ግልገልና ፊደል፦ ስለ ሥዕላዊ የፊደል መጻሕፍት ታሪክና ስለ እንስሳት ልጆች ስያሜ

ፊደልን ለሕፃን በሥዕል ማስተማር፣ በተለይም ሥዕሉን የእንስሳት ልጆች በሚሠሩት ተንኮልና ጨዋታ መሙላት፣ በሌላው ዓለም ረዘም ያለ ታሪክ ያለው ሙያ ነው። በአገራችን ግን ገና ወጣት ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ዓይነቱን መጽሐፍ «የሕፃናት ነገር ነው» ብለው ማለፍ ይቀናቸዋል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው በእያንዳንዱ ፊደል አንጻር አንድ ቃልና አንድ ሥዕል ለማስቀመጥ ብዕሩን ባነሣ ጊዜ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ በብዙ ጥራዝ የሚታገለው ጥያቄ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ተጠቅልሎ ይጠብቀዋል። ከብዙ ቃላት መካከል የትኛው ይመረጥ? በየትኛው ፊደል ይጻፍ? ቃሉን የሚያውቀውስ ማን ነው፤ ባላገሩ ወይስ ከተሜው? በዚህ ጽሑፍ አስቀድመን የመጽሐፉን ዓይነት አመጣጥ፣ ቀጥሎም ይህ ዓይነት መጽሐፍ በአማርኛ ሲዘጋጅ ስለ እንስሳት ልጆች ስያሜ የሚያስነሣውን ጥያቄ እንመለከታለን።

እንስሳ ከፊደል ጋር መጀመሪያ የተገናኘው በሕፃናት መጽሐፍ አይደለም። ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1905 እ.ኤ.አ. በሲና ምድረ በዳ፣ ሰራቢት ኤል ኻዲም በተባለው የጥንት የማዕድን ስፍራ፣ ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ምልክቶች አገኘ። አለን ጋርዲነር በ1916 እ.ኤ.አ. አንዱን የምልክቶች ተርታ «በዐልት»፣ ማለትም «እመቤት» ብሎ ሲያነበው፣ የምልክቶቹ ጠባይ ታወቀ። የበሬ ራስ ተሥሎ የሚነበበው «አ» ነው፤ ምክንያቱም በሴማውያን ቋንቋ በሬ «አልፍ» ይባል ነበር። የቤት ሥዕል «በ» ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ፊደል ራሱ «አ እንደ አልፍ» ብሎ የሚጀምር ሥዕላዊ መጽሐፍ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግሪኮች ፊደሉን ሲወስዱ «አልፋ» የሚለውን ስም እንዳለ ወሰዱት፤ በሬው ግን አብሮ አልተሻገረም፤ በግሪክ ቋንቋ ስሙ ምንም ፍች አልነበረውምና።

በእኛም ዘንድ የአበገደ ተራ አልፍ፣ ቤት፣ ገምል እያለ ሲሄድ በሬንና ግመልን ያነሣል። የስሞቹ ጥንታዊነት ሊቃውንትን ሲያከራክር የቆየ ነው። ተራው ግን በሥራ ላይ ውሏል፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በግእዙ፣ ደስታ ተክለ ወልድም በአማርኛው መዝገበ ቃላታቸው ቃላቱን የደረደሩት በአበገደ ነው። የሀለሐመ ተራም ቢሆን የትናንት ፈጠራ አይደለም፤ በደቡብ ዐረብ ጽሑፎችና ከዚያም በሚቀድሙ የከነዓን ምድር ቅሬታዎች ላይ ተገኝቷል።

በቤተ ክህነት የፊደል ትምህርት ሥዕል አልነበረም። ሕፃኑ በስንደዶ ፊደሉን እየጠቆመ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ» ብሎ ይቈጥራል፤ ቀጥሎ አቡጊዳ፣ ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ፣ እያለ ወደ ዳዊት ይሄዳል። በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን በሮማ ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት፣ በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ የፊደሉን ገበታ ከነሰባቱ ቤት ለአውሮፓ ሲያሳይ እንዲሁ ያለ ሥዕል ነበር። ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥሩ አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። የእኛ ፊደል ከነአናባቢው የሚነበብ ስለ ሆነ፣ «በ» ለመባል የበግ ሥዕል አያስፈልገውም፤ ራሱ ድምፁን ይናገራል። የላቲን ፊደል የሚማር ሕፃን ግን ሦስተኛውን ፊደል «ሲ» ብሎ ተምሮ ቃል ውስጥ ሲያገኘው «ክ» ብሎ ማንበብ አለበት። ሥዕሉ የተፈለገው በፊደሉ ስምና በድምፁ መካከል ባለው በዚህ ክፍተት ነው። ከክፍተቱ የገቡትም እንስሳት ናቸው።

ሮማውያን ሳይቀሩ «ር» የሚለውን ድምፅ ከውሻ ማጕረምረም ጋር አመሳስለው የውሻ ፊደል ይሉት ነበር። ይህን ሐሳብ ወደ ትምህርት መጽሐፍ በሚገባ ያገባው ግን የሞራቪያው ተወላጅ ኮሜኒዩስ ነው (1592–1670 እ.ኤ.አ.)። በ1658 እ.ኤ.አ. በኑርንበርግ ያሳተመው «ዓለም በሥዕል» የተባለው መጽሐፉ የሚከፈተው «ሕያውና ድምፃዊ ፊደል» በሚል ገበታ ነው። በዚያ ገበታ ላይ ቃልን በመነሻው ፊደል መወከል የለም፤ ያለው ድምፅ ነው። ቁራ ትጮኻለች፤ ድምፅዋ «አ» ነው። የበግ ግልገል «ቤ» ይላል። ዝይ «ጋ»፣ ተኵላ «ሉ»፣ ድብ «ሙ»፣ ድመት «ናው» ይላሉ። ከእንስሳቱ መካከል አንድ ሕፃን ተቀምጦ ያለቅሳል፤ እርሱም የፊደል ድምፅ ተሰጥቶታል። ሕፃንና ግልገል በአንድ ገበታ፣ በአንድ ማዕርግ፣ ስለሚያወጡት ድምፅ ብቻ ሲቀመጡ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀድሞ የማገኘው ምስክር ይህ ነው። መጽሐፉ በማግሥቱ ዓመት በ1659 እ.ኤ.አ. በቻርልስ ሁል አማካይነት ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ።

የኮሜኒዩስ መንገድ ለአማርኛ ከተራው «ፊደልና ቃል» መንገድ ይልቅ የቀረበ ነው እላለሁ። እኛ «ቤ» የሚል ሆሄ አለን። እንግሊዙ ያንን ድምፅ ለመጻፍ ሁለት ሦስት ፊደል ይደረድራል፤ እኛ የበጉን ጩኸት በአንድ ሆሄ እንጽፋለን። ነገር ግን የፊደል ገበታ አዘጋጆቻችን ከአውሮፓ ሲቀዱ የቀዱት ይህን አይደለም፤ ኋላ የመጣውን፣ «ይህ ፊደል የዚህ ዕቃ ስም መጀመሪያ ነው» የሚለውን ነው።

የኋለኛው ልማድ በምን መንፈስ እንደ ተጀመረ ማየት ይጠቅማል። ቤንጃሚን ሃሪስ በቦስተን ወደ 1690 እ.ኤ.አ. ግድም ያሳተመውና እስከ ዛሬ የተረፈው ጥንታዊ ቅጂው የ1727 እ.ኤ.አ. የሆነው «የኒው ኢንግላንድ የፊደል መጽሐፍ»፣ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ትንሽ የእንጨት ቅርጽ ሥዕልና አንድ የሚገጥም ቃል ነበረው። ፊደሉ በአዳም ኀጢአት ይጀምራል። ድመት አለች፤ ግን የምትጫወተው ለመግደል ነው። ውሻ አለ፤ ሥራው ሌባ መንከስ ነው። ሰነፍ ተማሪ አለ፤ እርሱም ይገረፋል። በዚያ መጽሐፍ የሚያጠፋ ሁሉ ይቀጣል፤ እንስሳም ሰውም። ያ መጽሐፍ በአሜሪካ ትውልድን ከትውልድ ሲያስተምር ኖረ።

በእንግሊዝ ግን ሌላ ሐሳብ ይበቅል ነበር። ጆን ሎክ በ1693 እ.ኤ.አ. ስለ ትምህርት በጻፈው መጽሐፍ፣ ፊደል በጨዋታ መልክ እንዲገባ፣ ፊደላት በተለጠፉበት ዳይ ልጆች እየተጫወቱ እንዲማሩ፣ ማንበብ ሲጀምሩም የእንስሳት ሥዕል ያለበት የኤዞፕ ተረት እንዲሰጣቸው መከረ። ጆን ኒውበሪ በ1744 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትንሽ የኪስ መጽሐፍ ፊደላቱን በየጨዋታው ራስጌ አስቀመጣቸው፤ መጽሐፉም ለወንድ ልጅ ከኳስ፣ ለሴት ልጅ ከመርፌ መሰኪያ ጋር ይሸጥ ነበር። በሩሲያም ሊዮ ቶልስቶይ በ1872 እ.ኤ.አ. ለገበሬ ልጆች ባዘጋጀው የፊደል መጽሐፍ የእንስሳት ተረቶችን ከፊደሉ ጋር አስተባበረ። ታላቁ ደራሲ ለዚህ ሥራ የሰጠው ጊዜና ድካም፣ «የሕፃናት ነገር» የሚሉትን ሊያሳፍር ይገባ ነበር።

እንስሳው ልጅ ሆኖ፣ ልጁም አጥፊ ሆኖ፣ ጥፋቱም መማሪያ ሆኖ የተገኘው በሃያኛው ምእት ዓመት ነው። ዋንዳ ጋግ በ1933 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «የፊደል ጥንቸል» አንዲት ትንሽ ጥንቸል ተኝታ ሳለ ፖም ሲወድቅ ደንግጣ ስትሮጥ፣ በየፊደሉ አንድ እንስሳ ወይም አንድ አደጋ እየገጠማት ወደ ቤትዋ እስክትመለስ ያለውን ይተርካል። ሥዕሎቹ በድንጋይ ኅትመት የተሠሩ ናቸው፤ ጽሕፈቱን ወንድሟ ሃዋርድ፣ ዜማውን እኅቷ ፍላቪያ ሠሩት። በዚህ መጽሐፍ አዲሱ ነገር ተራው ነው። ፊደላቱ ዝርዝር መሆናቸው ቀርቶ ሩጫ ሆኑ።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ወደ ፍጻሜ ያደረሱት ግን ሁለቱ የሐምቡርግ ተወላጆች፣ ሐንስ አውጉስቶ ሬይና ባለቤቱ ማርግሬት ሬይ ናቸው። አይሁድ ስለ ነበሩ በሰኔ 1940 እ.ኤ.አ. የጀርመን ጦር ፓሪስ ከመግባቱ ጥቂት ቀድመው፣ ሐንስ ራሱ በገጣጠማቸው ሁለት ብስክሌቶች፣ የሥዕል መጽሐፋቸውን ረቂቅ ይዘው ሸሹ። በስፔን፣ በፖርቱጋልና በብራዚል አድርገው በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ገቡ። ረቂቁ ውስጥ ፊፊ ይባል የነበረው ትንሽ ጦጣ በ1941 እ.ኤ.አ. «ኪዩሪየስ ጆርጅ» ተብሎ ታተመ። በእንግሊዝ አገር ንጉሡ ጆርጅ ስለ ነበሩ ስሙ ዞዞ ሆነ። ይህ ጦጣ በ1963 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፍ ፊደል ይማራል። አስተማሪው ቢጫ ባርኔጣ ያደረገው ሰው እያንዳንዱን ፊደል ወደ ሥዕል ይለውጥለታል፤ የፊደሉ ቅርጽ ራሱ በዚያ ፊደል የሚጀምር እንስሳ ወይም ዕቃ ይሆናል። የሲናው የበሬ ራስ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ቈይቶ ተመለሰ ማለት ነው። ከዚያ ጥፋቱ ይመጣል። ሰውየው አንድ ደርዘን ዶናት፣ የእኛን ቦምቦሊኖ መሳይ፣ እንዲገዛ ማስታወሻ ጽፎ ይልከዋል፤ ጦጣው አዲስ በተማረው ፊደል «አንድ» የሚለውን «ዐሥር» አድርጎ ይሞላዋል። መቶ ሃያ ዶናት ይመጣል። መጻፍ መቻል ማለት ማጥፋት መቻል ማለት እንደ ሆነ ይህን ያህል በአጭሩ ያሳየ የፊደል መጽሐፍ አላውቅም።

ይህ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ይመለስ ቢባል የመጀመሪያው እንቅፋት ርእሱ ነው። «ኪዩሪየስ» የሚለውን «ጕጕ» ብንለው፣ ጕጕ ሰው አንድን ነገር አጥብቆ የሚፈልግ፣ ለማግኘት የቸኰለ ነው እንጂ የነገሩን ምሥጢር ለማወቅ የሚፈትሽ አይደለም። ስሙን «ጉጉት» ብንለው ደግሞ በጽሕፈት ከሌሊት ወፏ ከጉጉት አይለይም፤ የሥዕል መጽሐፍ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «ነገር ፈላጊ» ጠብ ጫሪ ነው። «ሁሉን ልወቅ ባይ» የሚለው ይሻላል፤ ግን ወቀሳ አለበት። ስለ እንስሳው ዓይነት ስንመጣ ግን ሀብታሞቹ እኛ ነን። ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጭላዳ፣ ጉሬዛ እያልን እንለያለን፤ እንግሊዝኛው ብዙውን በአንድ ስም ይጠቀልላል። በተረታችን ውስጥም ብልጧና አታላይዋ ጦጣ ናት፤ ዝንጀሮ አይደለም። ስለዚህ ጆርጅ ጦጣ መባል አለበት፤ በሥዕሉ ላይ ጅራት ባይኖረውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን፣ ወደ እንስሳት ልጆች ስያሜ እንምጣ። ግእዝ «እጓል» የሚል አጠቃላይ ቃል አለው፤ እጓለ አንበሳ ይላል፤ የሰውን ልጅ ሳይቀር እጓለ እመሕያው ይለዋል። ከዚህም ጋር ለጥጃ ጣዕዋ፣ ለፍየል ግልገል ማሕስእ፣ ለውርንጭላ ዕዋል የመሳሰሉ ልዩ ስሞች አሉት። አማርኛ ደግሞ በእርሻና በከብት እርባታ ሕይወቱ ይህን ክፍል እጅግ አስፋፍቶታል። የላም ልጅ ገና ስትወለድ እምቦሳ፣ ቀጥሎ ጥጃ ናት፤ ሴቷ ጊደር፣ ወንዱ ወይፈን ይሆናሉ። የበግ ልጅ ግልገል፣ አደግ ሲል ጠቦት ነው። ጐረምሳው ወንድ ፍየል ወጠጤ ነው። ዶሮ ጫጩት ነበረች፤ እንቁላል ወደ መጣል ስትቃረብ ቄብ ትባላለች። የአህያና የፈረስ ልጅ ውርንጭላ፣ የውሻ ቡችላ፣ የአንበሳ ደቦል ነው። የኦሪት ዘፍጥረት የአማርኛ ትርጕም የይሁዳን ምሳሌ ሲተረጕም ለግእዙ «እጓል» ያገኘለት አቻ ይኸው ደቦል ነው።

እነዚህ ቃላት እንዲሁ የዕድሜ ምልክት አይደሉም፤ ማዕርግም አላቸው። ደቦል የጀግና ልጅ ማወደሻ ነው። ወይፈን የጕልማሳ ሙገሳ ይሆናል። ውርንጭላ ለሰው ሲነገር ስድብ ነው። ቡችላም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. በነበረው የፖለቲካ ጽሑፍ የሌላ ሎሌ የሆነን ሁሉ መዝለፊያ ሆኖ እንደ ነበር የዚያ ዘመን አንባቢ አይዘነጋውም። እምቦሳ ግን በረከት ነው፤ አዲስ ቤት ለገባ ሰው «እምቦሳ እሰሩ» ይባላል። ይህን ምርቃት ዛሬ የሚናገሩ ብዙ የከተማ ሰዎች እምቦሳ ምን እንደ ሆነች ቢጠየቁ ያቅማማሉ። ቃሉ በምርቃቱ ውስጥ ተጠብቆ ፍቹ ወጥቶ ሄደ ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ቃል እየነገሠ መጥቷል፤ እርሱም ግልገል ነው። ቀድሞ የበግና የፍየል ልጅ መጠሪያ የነበረው፣ «የድመት ግልገል»፣ «የዝሆን ግልገል»፣ «የአንበሳ ግልገል» እየተባለ ለማንኛውም እንስሳ ሆኗል። ከዚያም አልፎ «ትንሽ» የሚል ቅጽል ሆኖ ወንዝን ግልገል ዐባይ፣ ልብስን ግልገል ሱሪ አሰኝቷል። አንድ ቃል ሲሰፋ በቋንቋ ታሪክ የተለመደ ነው፤ ግእዙም በእጓል ያደረገው ይህንኑ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ድመትን ወይም ቀጭኔን በሚመለከት ግልገል የሚገባው ባዶ ቦታ ላይ ነው፤ ለእነዚህ እንስሳት ልጆች በሰፊው የሚታወቅ ልዩ ስም የለምና። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ በቴሌቪዥን ለሕፃናት መታየት የጀመረችውን ፀሐይ የተባለችውን ትንሽ ቀጭኔ «የቀጭኔ ልጅ» ከማለት በቀር ምን እንላታለን? በአንበሳው ላይ ግን ግልገል ሲመጣ ደቦልን አስወጥቶ ነው፤ በአህያዋም ላይ ውርንጭላን አስወጥቶ። የመጀመሪያው ብልጽግና ነው፤ ሁለተኛው ዝርፊያ ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁለቱን ለይቶ መመዝገብ ይገባዋል።

የፊደል ገበታ ወደዚህ ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በገበያ የሚገኙት ባለ ሥዕል የፊደል ገበታዎች ለ«በ» በግን፣ ለ«ላ» ላምን፣ ለ«ው» ውሻን፣ ለ«አ» አንበሳን ያቀርባሉ። ሁሉም ያደጉ እንስሳት ናቸው፤ ሁሉም በጐናቸው ቆመው አንዳች አይሠሩም። እነዚህን ቃላት ሕፃኑ ከገበታው በፊት ያውቃቸዋል፤ ገበታው ፊደል እንጂ ቃል አያስተምረውም። በ«ው» ትይዩ ውርንጭላ፣ በ«ደ» ትይዩ ደቦል፣ በ«ቄ» ትይዩ ቄብ፣ በ«ጊ» ትይዩ ጊደር ቢቀመጡ ግን አንድ ሥዕል ሁለት ሥራ ይሠራል። አስመራ፣ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተወልዶ አማርኛን ከእናቱ አፍ ብቻ ለሚሰማ ሕፃን ደግሞ ጊደርን ከመጽሐፍ በቀር ከወዴት ያገኛታል?

እዚህ ላይ አንድ የድምፅ ነገር ላንሣ፤ ሕግ ሳይሆን ምልከታ ነው። ጥጃ፣ ውርንጭላ፣ ቡችላ፣ ጫጩት፦ አራቱም ከላንቃ የሚወጡ ድምፆች፣ ጀ፣ ጨ፣ ቸ፣ አሉባቸው። እነዚህም ግእዝ የማያውቃቸው፣ አማርኛ በነባሮቹ ሃያ ስድስት ላይ ከጨመራቸው ሰባት ፊደላት መካከል ናቸው። በብዙ ቋንቋዎች ለሕፃን ሲነገር ድምፆች ወደ ላንቃ መሳባቸው፣ የትንሽነትና የፍቅር ስሜትም በእነዚሁ ድምፆች መገለጡ የታወቀ ነው። ግልገል፣ ጠቦት፣ እምቦሳና ደቦል ግን ከዚህ ውጭ ናቸውና ከዚህ በላይ አልገፋውም። የትንሽነት ምልክታችን ሌላው መንገድ አንስታይ ጾታ ነው። ወንድ ጥጃም ቢሆን ስናቈላምጠው «ይህቺ ጥጃ» እንላለን። የእንግሊዝኛውን ተራኪ ወንድ ጦጣ «እርሱ» እያሉ ዐርባ ገጽ መሄድ በአማርኛ ጆሮ የሚቀዘቅዘው ከዚህ የተነሣ ነው።

«ተንኮለኛ» የሚለውስ? የእንስሳት ልጆችን የፊደል መጻሕፍት በሚመለከት እንግሊዝኛ ክፋት የሌለበትን ጥፋት የሚገልጽ ቅጽል አለው። የእኛ ቅጽሎች ከባድ ናቸው። ተንኮለኛ ያሰበበት ነው፤ ሸረኛ የከፋ ነው፤ ባለጌ አሳዳጊውን ያሰድባል፤ ረባሽ የአስተማሪ ቃል ነው። ቅብጥብጥና ቅልብልብ ይቀርባሉ፤ ግን እረፍት ማጣትን እንጂ ጥፋትን አይናገሩም። አማርኛ ይህን ጠባይ የሚያስቀምጠው በቅጽል ሳይሆን በግሥ ነው። ጥጃ ይቦርቃል፤ ውርንጭላ ይፈነጫል፤ ወጠጤ ይዋጋል፤ ቡችላ ጫማ ይቦጫጭቃል፤ ጫጩት ይጭራል። ምክንያቱም የተለየ ነው። የሬይ ጦጣ የሚያጠፋው ለማወቅ ነው። በእኛ አነጋገር ግን እንስሳ የሚፈነጨው ስለ ጠገበ ነው፤ «ጠግቦ ነው» ይባላል፤ ቀበጠ የሚለውም ግሥ ከምቾትና ከጥጋብ አይርቅም። የባላገር ልጅ የሚያውቀው ትልቁ የእንስሳ ጥፋትም ከዚሁ ከሆድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጥጃ ገመዱን ፈትቶ፣ ላሚቱ ሳትታለብ፣ ወተቱን ጥጥት አድርጎ መጥባቱ ነው። የዚያን ዕለት ቤተ ሰቡ ያለ ወተት ያድራል፤ ጥጃ ጠባቂውም ይገረፋል።

ስለዚህ የአማርኛ ሥዕላዊ የፊደል መጽሐፍ በሃያ ስድስት ፊደል ሃያ ስድስት ገጽ የሚለውን መንገድ መከተል አይኖርበትም። ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ነው፤ በዚያ ሁሉ ገጽ አንድ አንድ ሥዕል ቢቀመጥ ሕፃኑ ሳይጨርሰው ያድጋል። ነገር ግን አንድ ፊደል ከነሰባቱ ቤት አንድ ገጽ ቢሰጠው፣ በገጹም ላይ አንድ ድርጊት ቢታይ፣ ሥራው ይቀላል። የ«ጠ»ን ቤት እንውሰድ። ጠቦቱ ደጅ የተሰጣውን ጤፍ ይበላል። ጥጃው ከላሚቱ ጡት አይላቀቅም። ጦጣዋ ከጣራው ላይ ሆና የፍየሉን ጢም ትስባለች። ጠ፣ ጡ፣ ጢ፣ ጣ፣ ጤ፣ ጥ፣ ጦ ሳይጐድል በአንድ ግቢ ውስጥ ተገኙ። ሁሉም ፊደል እንዲህ አይታዘዝም። የእንስሳት ልጆች ስም ብዙውን ጊዜ በሳድስ ይጀምራል፤ ጥጃ፣ ግልገል፣ ውርንጭላ፣ እምቦሳ። ኃምሱ ከሁሉ ድኻ ነው።

የሞክሼ ፊደላት ጥያቄም በዚሁ መጽሐፍ ላይ ይነሣል። «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» እያንዳንዳቸው ገጽ ያገኛሉ ወይስ አንድ ገጽ ይጋራሉ? ዓሣን ያለ ዐይንና ያለ ንጉሡ ሠ ጽፎ «አሳ» የሚል ገበታ፣ ልጁ ነገ ከሌላ መጽሐፍ ጋር እንዲጣላ ያደርገዋል። የእኔ ምርጫ ሞክሼዎቹ በአንድ ገጽ ላይ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቃልና ሥዕል፣ ጎን ለጎን እንዲታዩ ነው፤ ሠረገላ ከሰንጋ አጠገብ፣ ዓሣ ከአንበሳ አጠገብ። ልጁ ድምፁ አንድ መሆኑን በጆሮው፣ ጽሕፈቱ ሁለት መሆኑን በዓይኑ ይማራል።

የመጨረሻው ችግር ቃል የማይጀምሩ ፊደላት ናቸው። እንግሊዞች ሃያ አራተኛ ፊደላቸውን የሚያኖሩበት ቢያጡ የኒው ኢንግላንዱ መጽሐፍ የፋርሱን ንጉሥ ዜርክስስን አመጣ፤ ሌሎች ደግሞ ፊደሉ በመጨረሻው ላይ የሚገኝበትን የቀበሮ ስም መረጡ። እኛም በ«ፐ» እና በ«ጰ» ከባዕድ ቃል በቀር ብዙ አናገኝም፤ በ«ኘ» የሚጀምር ተራ የአማርኛ ስምማ ለሥዕል የሚበቃ የለም ማለት ይቻላል። በቃል መካከልና መጨረሻ ግን «ኘ» ሞልቷል። ስለዚህ በእርሱ ገጽ ላይ ቃሉን ከኋላው መያዝ ነው፤ ሥዕሉም ቀኑን ሙሉ ጫማ ሲቦጫጭቅ የዋለው ቡችላ በተቦጫጨቀው ጫማ ላይ ራሱን አስደግፎ ያሳያል፤ ከሥሩም «ተኛ»።